ስሟ የጠፋው ድብ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ከደፉ ሥር ተደርድሮ፣ ግራና ቀኙ በሲባጎ ታስሮ ተቀምጧል። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የላብ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የሎሚ ልጣጭ። ሰዎቹን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ተቀምጠው ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። ማንም ምንም ሳያዝ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ተሳበና መሀላቸው አንዲት ጠባብ ቦታ ተከፈተች። «ግባ ወንድሜ፣ እንግዳ ነህ» አለኝ አንዱ። ኋላዬ በሩ ተዘጋ።

ያሳሰረኝ ጽሑፍ የእኔ አልነበረም። እኔ የመጽሔት አራሚ ነበርኩ፤ ሰው የጻፈውን ፊደል አቃናለሁ፣ ነጠላ ሰረዝ አስገባለሁ፣ ደመወዜን ተቀብዬ ቤቴ እገባለሁ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን መጽሔቱ ተዘጋና ሁላችንም ተለቀምን። መርማሪው ገጹን ፊቴ ዘርግቶ «ይሄን ያረምከው አንተ ነህ?» አለኝ። «አዎ፣ ነጠላ ሰረዙን» አልኩት። «ሐሳቡንስ ለምን አላረምከውም?» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለዚህች ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

ዛሬ የምኖረው አትላንታ፣ ኖርክሮስ ነው። አፓርትመንታችን ውስጥ ሰው ገብቶ የሚዞርበት የልብስ ክሎዘት አለ። ሚስቴ «ጠበበኝ» ስትል ሳቄ ያመልጠኛል፤ ለምን እንደምስቅ እሷም ታውቃለች። ያቺ የእስር ክፍል ከሱ ብዙም አትሰፋም ነበር።

የእስረኞቹ አለቃ ካቦ ይባላል። የእኛ ካቦ የቆርቆሮ ነጋዴ ነበሩ፤ ወፈር ያሉ፣ ድምፃቸው የማይጎላ ሰው። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ሕጉን ነገሩኝ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሽንት ቤት በተራ ነው። ተኝተን መገላበጥ ሲያስፈልግ ሁሉም አብሮ ይገለበጣል፤ አንዱ ብቻውን ከተገለበጠ ዳር ያለው ሰው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይሄን ሁሉ እንደ ቤት አከራይ ዘረዘሩልኝና መጨረሻ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ የተባለ ሰው ወይ ተፈቷል ወይ ተዛውሯል። ደግ ነው። ዕቃውን ሳይዝ ተጠርቶ ያልተመለሰ ግን መንገደኛ ነው የሚባለው። ስሙን አትጠራም።»

«ለምን?»

«እዚህ ቤት፣ ስሙን የጠራ ተራውን ጠራ ይባላል። አንድ ጊዜ የሄደ ሰው የት ደረሰ ብለን በስሙ ጠይቀን ያየነውን እኛ ነን የምናውቀው።» ምን እንዳዩ አልነገሩኝም።

መርማሪውም ቢሆን እዚያ ስም አልነበረውም። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ኮሪደሩን ስለሚሞላ ባለሽቶው ነበር የሚባለው። ሽታው ሲመጣ ወሬ ይቆማል፤ አልፎ ሲሄድ ሁሉም አንድ ላይ ይተነፍሳል።

በግራዬ የሚተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ አሳፍሮ የሸኘው ሰው የሚፈለግ ሰው ሆነና ሁለቱም አንድ ላይ ተያዙ። አንድ የፊት ጥርሱ የለም፤ ምግብ ሊቀርብ ሲል በዚያች ክፍተት ያፏጫል። ተኝቶም ፍሬን ይይዛል። ቀኝ እግሩ ጭብጥ ዝርግት ሲል እኔ እነቃለሁ። «ከአንተ ጎን መተኛት እኮ ሞያሌ ደርሶ መመለስ ነው» ስለው «ነዳጁን ግን አልጠየቅኩህም» ይለኛል። መንታ ሴት ልጆች አሉት። ሚስቱ ሁልጊዜ ምሳውን በአበባ ጨርቅ ቋጥራ በር ድረስ ታመጣለች፤ ጨርቁን ለመመለስ ሲያጥፈው የሕፃን ልብስ የሚያጥፍ ይመስል ነበር።

በቀኜ መምህር ነበሩ። እድሜያቸው ስድሳን ተጠግቷል፤ ጉልበታቸው ሲቆሙም ሲቀመጡም ይንቋቋል። በወጣትነታቸው ሌኒንግራድ ተልከው ያጠኑት የጥንት ስላቮችን ቋንቋ ነው፤ የሩሲያውም፣ የፖላንዱም፣ የቡልጋሪያውም አያት የሆነ፣ ማንም ሳይጽፈው የሞተ ቋንቋ። አገር ቤት ሲመለሱ ይሄን ማን ይግዛቸው? ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖሩ። ተማሪዎቻቸው ሰልፍ ሲወጡ ለምን አልከለከልክም ተብለው ነው የገቡት። «እኔ እኮ ፓሲቭ ቮይስ እያስተማርኩ ነበር» ይሉ ነበር ሲስቁ።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት አለን። የሚያውቅ የሚያውቀውን ያስተምራል። ሹፌሩ የተበላሸ ፍሬን ይዞ ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ አስተማረን፤ ካቦው እውነተኛ ቆርቆሮ ከቀሺሙ በምን እንደሚለይ። አንድ ቀን የመምህር ተራ ደረሰ።

«ድብ ታውቃላችሁ?» አሉ።

«በሥዕል» አለ ሹፌሩ። «ስንት ኩንታል ትሆናለች?»

«እኔ ቋንጣ ላደርጋት አይደለም የመጣሁት፤ ስሟን ነው የምነግርህ።» ጣታቸውን ውሃ ነክረው ሲሚንቶው ላይ አንድ ኮከብ ሣሉ። ከኮከቡ አጠገብ በእኛው ፊደል «ሜድቬድ» ብለው ጻፉ። «ሜዱ ማር ነው። ኤድ መብላት ነው። ማር በል ማለት ነው፤ ሥጋ በል፣ ሣር በል እንደምንለው።»

«ጥሩ ስም አወጡላት» አለ ሹፌሩ።

«ስሟ አይደለም እኮ! ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስሟ ሌላ ነበር። ግሪኮችና ሮማውያን የድሮውን ስም ከአንድ አያት ወርሰው ይዘውታል። ስላቮቹም አንድ ጊዜ ነበራቸው። ግን ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ስሟን ከጠራናት ትመጣለች ብለው ፈሩ። ማር በል፣ ማር በል እያሉ ስሟን ሸሹት። አባት ለልጁ ሳይነግር ሞተ፣ ልጅም ለልጁ። የሚበዙት አጥኚዎች የሚሉት ይሄንን ነው። ዛሬ አንዱን ሩሲያዊ ይዘህ የድብ የጥንት ስሟ ማነው ብትለው አያውቅም።»

ካቦው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኛም አገር እባብ ከመሸ ስሙ አይነሳም። አጎቴ ‘ያ ረጅሙ’ ነበር የሚሉት።»

«እንደ ባለሽቶው በሉኛ!» አለ ሹፌሩ። ሳቃችንን በብርድ ልብስ አፈንነው።

እኔ ግን አራሚ ነኝ፤ ምልክት ያየሁ እንደሆነ አላስችል ይለኛል። «ኮከቡስ ምንድነው መምህር?» አልኳቸው።

«አየህ፣ ኮከብ ማለት ይህን ቃል ጽፎት የተገኘ ሰው የለም ማለት ነው። ድንጋይ ላይም ብራና ላይም የለም። ታዲያ እንዴት አወቃችሁት በለኛ? ልጆቹን እንጠይቃለን። ሩሲያው እንዲህ አለ፣ ፖላንዱ እንዲህ፣ ቡልጋሪያው እንዲህ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። የሁሉንም ቃል ስትገጣጥመው ግን፣ ይሄ ቃል በእርግጥ ነበረ ብለህ ትመሰክራለህ። ኮከቧ የምስክሮቹ ፊርማ ናት።» ይሄን ሲሉ ውሃው ደርቆ ወለሉ ላይ ምንም አልቀረም።

ሹፌሩ የተጠራው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ዕቃህን ያዝ አልተባለም። «ምሳዬን እንዳትበሉብኝ» ብሎን ወጣ። አልበላንበትም። እስኪሻግት ድረስ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ካቦው በመጨረሻ አውጥተው ደፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገደኛ ሆነ። ስሙን የሚጠራው ጠፋ። በግራዬ ያለው ቦታ ባዶ ቢሆንም ማንም አልተዘረጋበትም።

ምግብ ከበር የሚቀበለው ከእኛው አንዱ ነበር፤ በዘበኛ ታጅቦ ወጥቶ ሳህንና ቋጠሮ ተሸክሞ ይመለሳል። አንድ ቀን ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ሚስቱ መጥታለች» አለ። «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ገብቶ አያውቅም አሏት። ‘ባለፈው እኮ ጨርቄን መልሳችሁልኛል’ ትላለች። ‘ተሳስተሻል፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ’ አሏት። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀርታለች።»

እኔ የታየኝ ያቺ ሴትዮ ከግቢ ግቢ ስትንከራተት ነው። የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው ቢሞት እንኳ አይለቀስለትም፤ ልጆቹ አባታችን የት ነው ሲሉ ምን ትበላቸው?

መምህር «ጎበዝ፣ ስሙን መጥራት አለብን» አሉ።

ካቦው ቆጣ አሉ። «መምህር፣ እርስዎ ብቸኛ ነዎት። እኔ ውጭ የሚጠብቁኝ ልጆች አሉኝ። ጎመን በጤና።»

«እኔስ ምን ያህል እንደምፈራ ያውቃሉ?»

«ታዲያ ምን ይለፋሉ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ድብን የፈሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ድብ እውነትም ትበላለች። ግን እነሱ የጫካውን አውሬ ስም ነው ያጠፉት። እኛ የጎረቤታችንን ስም ልናጠፋ ነው። ውጭ ያሉት የለም ብለዋል። እኛም ዝም ካልን በእርግጥ የለም።»

ካቦው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ከካቦው ጋር የነበሩት ይበዛሉ። እኔ ከየትኛው ነበርኩ ብትሉኝ፣ ከሚያዳምጡት ነበርኩ።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ አጽዱ፣ በሰልፍ ቁጭ በሉ ተባልን። የእስረኛ አያያዝ ሊያዩ የተላኩ እንግዶች መጡ። ሱፍ የለበሱ ሁለት ወንዶችና መነጽር ያደረጉ አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ የግቢው አዛዥ ከኋላቸው ቆሟል። ስለ አያያዛችን ጠየቁን። ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልን አልን። ውሃስ? ደህና ነው። ሴትዮዋ ወለሉን ሲያዩ ቆይተው «ከዚህ ክፍል ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው አለ?» አሉ።

አዛዡ ቀድሟቸው «የለም፣ ሁሉም እዚሁ ናቸው» አለ።

የመምህር ጉልበት ሲንቋቋ ሰማሁ። ቆሙ። የሹፌሩን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠሩ። ብዙ ጊዜ ያልተነገረ ስም ስለነበር ነው መሰል ክፍሉ ውስጥ ሲሰማ ደነገጥኩ። ሴትዮዋ ቀና አሉ። አዛዡ ግን ፈገግ ብሎ «ሽማግሌው ትንሽ ያማቸዋል፣ እንዲህ የሚባል ሰው በእኛ ዘንድ የለም» አላቸው።

መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። «ሹፌር ነው» አልኩ። «ከጎኔ ነው የሚተኛው። በእንቅልፉ ፍሬን ይይዛል።» ምን ዓይነት ምስክርነት ነው ይሄ! ግን የማውቀው ይሄንኑ ነው።

ከወዲያ ጥግ አንዱ «የፊት ጥርሱ አንድ የለም» አለ።

«ምግብ ሲመጣ ያፏጫል።»

«መንታ ሴት ልጆች አሉት።»

ምግብ ተቀባዩም «ሚስቱ በሩ ላይ ናት፤ አሁን ቢወጡ ያገኟታል» አላቸው።

ከዚያ ካቦው ተነሡ። ተጣጥፎ የተቀመጠ ብርድ ልብስ ከግድግዳው ሥር አንሥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። «ይሄ የሱ ነው፣ እመቤቴ» አሉ። «ስሙም መምህር እንዳሉት ነው።» እሳቸውም ስሙን ከነአያቱ ደገሙት። ፊታቸው ላይ ላብ ይወርዳል። ሴትዮዋ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ስሙን ከሳቸው ቀጥለው ሲሉት አየሁ። አዛዡ መሳቁን ትቶ ነበር።

የዚያኑ ዕለት መምህር ተጠሩ፤ ያለ ዕቃ። እራት ሲመጣ ካቦው ዳቦ ያድላሉ። ሁላችንም ምን እንደሚሉ እንጠብቃለን። አንዱን ዳቦ ከፍ አድርገው ይዘው የመምህርን ስም ከነአባታቸው ጠሩ። ከበሩ ውጭ ዘበኛ ቆሟል። «በሌሉበት እቀበላለሁ» አልኩና ተቀበልኩ። ሁለተኛውን ዳቦ አንሥተው የሹፌሩን ስም ጠሩ። እሱንም ተቀበልን። ከዚያ በኋላ ምግብ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍል መንገደኛ የሚባል ሰው አልነበረም።

ሹፌሩ ወደ እኛ አልተመለሰም። ግን አንድ ቀን ምግብ ተቀባዩ ሮጦ ሊገባ ምንም አልቀረውም። «ተቀበሏት!» አለ። «ትናንት ምሳውን ተቀብለው ወደ ታችኛው ግቢ ወስደውት ነበር፤ ዛሬ ጨርቁን እንደ ድሮው ታጥፎ መለሱላት!» ጨርቁ ታጥፏል ማለት አለ ማለት ነው። ካቦው በጋቢያቸው ተሸፍነው አለቀሱ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን ያሳፍራል?

መምህር የተመለሱት ከስተው፣ ግራ እጃቸው አብጦ ነው። አቅፈን አስቀመጥናቸው።

«ድቧን አየኋት» አሉ።

«ማር በልታ ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ እሷስ ከማር የራቀች ናት።» ስቀው ዳቧቸውን ጠየቁ። ዳቦው ደርቆ ነበር፤ ሻይ ነክረን አጎረስናቸው።

መምህር ከተፈቱ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ታመው አረፉ። ካቦው ሱቃቸውን መልሰው ከፍተዋል አሉ። እኔ ወጥቼ ዓመት ሳይሞላኝ ለሚስቴ ዲቪ ደረሳትና እዚህ መጣን። ኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ። ሹፌሩ ተፈትቶ እዚያው አገር ጭነት መኪናውን ይነዳል። ይሄን ስጽፍ ስሙን ያልጻፍኩት ለሱ ብዬ ነው፤ ለመንገዱ፣ ለልጆቹ። እንዲህ እላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ዜግነት ለውጬ፣ እኔ ራሴ አሁንም እፈራለሁ።

በቀደም ልጄን ከኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ላመጣት ሄድኩ፤ እዚያ ነው የምትማረው። ትራፊኩ ቆሟል። «አባዬ፣ ስለ ቋንቋ አንድ ክላስ ወስጄ ነበር እኮ፣ ላይክ፣ ኮከብ የሚያደርጉበት ቃል አለ፣ ማንም ጽፎት የማያውቅ» አለችኝ። መሪውን ጨበጥኩ። «አውቀዋለሁ» አልኳት። አላመነችኝም። ኖርክሮስ እስክንደርስ ድረስ ይሄን ሁሉ ነገርኳት፤ ከዚያ በፊት ስለ እስር ቤቱ ቃል ነግሬያት አላውቅም ነበር። አላቋረጠችኝም፤ ስልኳንም አልነካችም።

ቤት ስንደርስ ፓርክ አደረግኩ። «እና ስሙ ማነው?» አለች።

«የማን?»

«የሹፌሩ ነዋ።»

የመኪናው መስኮት ዝግ ነው፤ ሞተሩም አልጠፋም። ወደሷ ጠጋ ብዬ ነገርኳት።

«ለምንድነው ዊስፐር የምታደርገው?» አለችኝ። ቦርሳዋን ይዛ ወረደች፤ እኔም ወረድኩ፤ በመኪናው ጣሪያ አሻግራ እያየችኝ የሹፌሩን ስም፣ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጣራ ሁሉ፣ በዚያ ባሜሪካ አንደበቷ ጮክ ብላ ጠራችው። ዞሬ አየሁ። የገበያ ጋሪ የሚገፋ አንድ ሰው እኛን ሳያየን አለፈ።

«አባዬ፣ ማንም የለም እኮ» አለች።

«አያቱን ዘለልሽው» አልኳት። «እንደገና በይው፤ ጮክ ብለሽ።»